በታኅሣሥ ያበበው አደይ

ዛሬ ጧት የጥቅምት ዝናብ ሲጀምር በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነበር። የምኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፎቅ ላይ መኖርን የፈጠረው ሰው መቼም አፈር በእጁ ነክቶ የማያውቅ መሆን አለበት፤ ግን ምን ይደረግ፣ አገሩ ሁሉ ፎቅ ሆኗል። ሰባት አሮጌ የቀለም ባልዲዎች አሉኝ፤ መቀመጫቸውን በምስማር በስቼ አፈር ሞልቼባቸዋለሁ። ከታች የግቢው አትክልተኛ በሞተር ሣር ያጭዳል። ዝናብ የነካው ቀይ አፈርና የታጨደው እርጥብ ሣር ሽታቸው ተቀላቅሎ አምስት ፎቅ ወጣና አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። በቃ፣ ሄድኩ። ያን ሽታ ካሸተትኩ ሰው ቢጠራኝም አልሰማም። የሄድኩት ሩቅ አይደለም፣ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው፤ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ ግን አልቆጥርላችሁም። ለሴት ዕድሜ አይቆጠርም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትርንጎ ትመጣለች። በየዓመቱ የጥቅምት ዝናብ ሲጀምር ከላቪንግተን ሰፈር ትመጣና፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ባልዲዎቼ ውስጥ አብረን አደይ አበባ እንዘራለን። "በጥቅምት? አደይ?" እያለ የሚስቅብኝ አበሻ አይጠፋም። "አዎ በጥቅምት፤ በታኅሣሥ ነው የሚያብብልኝ" እላለሁ። "እትዬ ሙሉ ጃጁ" ብለው ይሄዳሉ። ይበሉ። ያላዩት ነገር ነው።

እዚህ አገር የመጣሁት በደርጉ ዘመን፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ በሚያወራበት ጊዜ ነው። በየት መጣሽ፣ ከማን ሸሸሽ አትበሉኝ፤ በሞያሌ መጣሁ፣ እንደ ሰዉ ሁሉ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ነበረኝ፤ ሹራቡንም መንገድ ላይ ብርድ ለያዛት ሴት ሰጠኋት። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ የወሎ ሰው የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ እሳቸው ናቸው ያነሱኝ። "ልጄ፣ አገር ለቆ የመጣ ሰው ሦስት ወር አይጠየቅም፣ ይበላል እንጂ" ብለው ከሴት ልጆቻቸው ጋር አስተኙኝ። ጧት ጧት ማንዳዚ ልገዛ ወጣ እል ነበር፤ ያቺ በዘይት የተጠበሰች እብጥ ያለች ዳቦ በጥቂት ሳንቲም ትገኝ ነበር፣ ለዚያውም ትኩስ። የጎመን እስር ሁለት እጅ አይችለውም። ወንዶቹ ቤል ቦተም ሱሪያቸውን ለብሰው መንገዱን እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ያን ወፍራም ሶል ጫማ ተጫምተው ጭቃውን ይሻገራሉ፤ እኔም በኋላ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ወደቅሁበት። ከየሱቁ ካሴት ይጮሃል። ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ሰዓት ጠጋኝ ያገራችንን ዘፈን ሲከፍት፣ ሐጂ ጨርቅ የሚለኩበትን ሜትር ይዘው ቀጥ ይላሉ፤ ገዢው ደግሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል። አሁን ለማን እንዲህ ይጠበቃል?

ሦስቱ ወር ሲሞላ ሐጂ ጠሩኝ። "ሙሉ፣ ኪሌሌሽዋ አንዲት የጎጃም ሴት አለች። በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቤት ሰጥተዋታል፣ ግቢው ሰፊ ነው። ምንም አልጎደለባት፣ ብቸኝነት ግን እየበላት ነው። ሂጂና አብረሻት ኑሪ፤ ለሷም ላንቺም ይበጃል።" እንዲህ ሆኜ ነው እትዬ ዘነበች ቤት የገባሁት። የዛሬው ኪሌሌሽዋ እንዳይመስላችሁ፤ ያኔ መንደሩ ከሰው ይልቅ ዛፍ የሚበዛበት ነበር። ቤቱ ጣሪያው ቀይ ሸክላ የለበሰ፣ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፤ አጥሩ ዶሮ እንኳ የማያሳልፍ እሾህ፤ በሩ ላይ በጥቅምት ሐምራዊ አበባውን መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ። ጓሮው ወርዶ ወርዶ ትንሽ ወንዝ ላይ ያልቃል። እትዬ ዘነበች ከሥራ ስትመለስ ሙሉ ልብሷንና ታኮ ጫማዋን አውልቃ፣ የጎማ ቦት ጫማዋን ታጠልቅና ጓሮ ትወርዳለች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ትዕዛዝ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና።

ጓሮው ግን የሷ ብቻ አልነበረም። ምዜ ንጆሮጌ ነበሩ። ምዜ ማለት እዚህ አገር ሽማግሌ ሲያከብሩ የሚጠሩበት ነው፤ እትዬ ዘነበች ከመምጣቷ በፊት ጀምሮ የዚያ ግቢ አትክልተኛ ነበሩ፣ ቤቱንም እሷንም ያሳደጉ ነው የሚመስላቸው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ሽንኩርት ከገበያ እንጂ ከመሬት እንደሚመጣ በወሬ የማውቅ ነበርኩ። እሳቸው ናቸው ሰው ያደረጉኝ። የረገፈውን ቅጠል በአንድ ጥግ ከምረን፣ ውኃ እያጠጣን፣ በወሩ እያገላበጥን ጥቁር አፈር እናደርገዋለን። የባቄላውን፣ የዱባውን፣ የአበባውን ዘር ጋዜጣ ላይ እናሰጣለን። አጥሩ ላይ የወጣውን ቅል እዚያው ሐረጉ ላይ እስኪደርቅ ትተን፣ አንገቱን ቆርጠን፣ ውስጡን በጠጠርና በውኃ አጥበን፣ በጭስ እናጥናለን። "ቅል ቸኩለሽ ከቆረጥሽው ይሸበሸባል" ይሉኝ ነበር በስዋሂሊ፤ "ፖሌ ፖሌ።" ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ያቺን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ነው የሚሏት፣ እትዬ ዘነበችን ደግሞ ከምንም በላይ የሚያናድዳት ያቺ ቃል ነበረች።

አንድ እሑድ ደጅ ቁጭ ብለን ባቄላ ስንፈለፍል ነው የሆዷን የነገረችኝ። ጎጃም እናቷ ዘንድ የተወቻት ልጅ አለቻት፣ ትርንጎ የምትባል። ስትለያት አምስት ዓመቷ ነበር። ጎጃም፣ ጳጉሜን ማለቂያ ላይ፣ ሴቶች ልጆች ሜዳ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ለእንቁጣጣሽ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። ለመስቀል ተፈቶ ደመራ ላይ ይጣላል። ያቺ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እንግጫ ልትነቅል ወርዳ ሳለ ነው እናቷን የሚወስደው መኪና የመጣው። "ብሰናበታት አልሄድም ነበር፣ ሙልዬ። ካልሄድኩ ደግሞ..." አለችና ተወችው። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያኔ ከ"ካልሄድኩ ደግሞ" በኋላ ያለው አይነገርም። ልጅቷ ጉንጉኗን ይዛ ስትመለስ እናቷ የለችም። በኋላ አያቷ በሐጂ ሰዎች እጅ በላኩት ደብዳቤ፣ ልጅቷ ጉንጉኑን ምሰሶው ላይ እንዳሰረችው፣ ለመስቀል ሊፈቱት ሲሉ ግን "እናቴ ሳታየው አይፈታም" ብላ ምሰሶውን አቅፋ እንዳለቀሰች ጻፉ። አልተፈታም። እትዬ ዘነበች ያንን ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ከደመወዝ ወረቀቷ ጋር ይዛው ትዞር ነበር። የልጅቷን መውጫ ወረቀት ለማግኘት ያላንኳኳችው በር አልነበረም።

እኔ በገባሁ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ሐጂ ኑርዬ ራሳቸው ኪሌሌሽዋ ድረስ መጡ። ከሞያሌ የመጣ የበርበሬ ጆንያ ውስጥ የተላከ የተቋጠረ ጨርቅ ይዘዋል። ሲፈታ፣ ሦስት እፍኝ የምትሆን ቀጫጭን ጥቁር ዘር፤ አደይ ናት። ከላይዋ በልጅ እጅ የተጻፈች ወረቀት፦ "ማዬ ይህን ዘር በራሴ እጅ ነው የለቀምኩት። እዚያ አደይ የለም አሉ። ስመጣ እንጎነጉናለን።" እትዬ ዘነበች ዘሩን አሸተተችው፣ በበርበሬ አነጠሰች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። እዚያው፣ ሐጂ ፊት፣ ተሳለች፦ "ልጄ ስትመጣ አደይ አብቦ ይቀበላታል። ባዶ ግቢ አታይም። ሁለተኛ ጉንጉን ይዛ ባዶ ቤት አትገባም!"

እንግዲህ ስሕተታችን እዚህ ጋ ነው። ሰኔ ሲገባ እትዬ ዘነበች ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ምዜ ንጆሮጌ ጄምቤያቸውን፣ ማለት መቆፈሪያቸውን፣ ተደግፈው አይተው አይተው፣ "ማማ፣ አሁን አይዘራም። ዝናቡ አልቋል። አሁን የሚመጣው ብርድ ነው" አሏት። "በሰኔ ያልተዘራ መቼ ሊዘራ ነው? ክረምቱ ሊገባ አይደል እንዴ!" አለች። እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ደግፌያት ነበር። እናንተዬ፣ ናይሮቢ በሐምሌ ክረምት የለም! ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘንቦ ያበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ፣ ግራጫ፣ ጧት ፀሐይ የማይታይበት ቅዝቃዜ ነው። ይህንን እያየን፣ ሹራብ እየደረብን፣ ልባችን ግን ወሩን የሚቆጥረው ባገራችን ነበር። እትዬ ዘነበች ግድግዳዋ ላይ የአገር ቤት ቀን መቁጠሪያ ሰቅላ ነበር፤ ከደጅ ካለው ሰማይ ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን አመነች። ሦስቱንም እፍኝ ዘራችው። "አደይ ወሯን ታውቃለች፣ እርስዎ ግን አያውቁም" አለቻቸው።

ጥቂት ብቅ አለ፤ ጣት ሳያህል ቀርቶ ቅጠሉ እንደ በረደው ከንፈር ጠቆረና ሞተ። እንቁጣጣሽ ዕለት መደቡ ባዶ መሬት ነበር። እትዬ ዘነበች ባዶው መደብ ፊት ቆማ፣ "ልጄ የለቀመችው ዘር እጄ ላይ ሞተ" አለች። እንደ ምልክት ነው የወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮ መውረድ ተወች፤ ብሶ ደግሞ ለወረቀቱ ጉዳይ መጻፍም ተወች። "እኔ የነካሁት አይበቅልም፤ ልጅቷን ከአያቷ ጋር ልተዋት" ትል ጀመር። ይህን ስትል ነው የፈራሁት። ሴትየዋ ልጇን ልትተው ነው፤ ለምን ቢሉ፣ አበባ አልበቅል ብሎ!

ምዜ ንጆሮጌ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ምሰሶውን፣ ጉንጉኑን፣ ደብዳቤውን። ያን ጊዜ ነው ምክንያቱን የሰሙት፤ ለካ ለሽማግሌው አበባ ነው ብለን እንጂ ልጅ ናት ብለን የነገርናቸው የለም። ጎጇቸው ገቡና ክዳኑ በሰም የታሸገ ትንሽ ቅል ይዘው ወጡ። ከፈቱት። አመድ። በጣታቸው አመዱን ቆፈር ሲያደርጉ ከሥሩ ጥቁር ዘር። አደይ! "ማማ ስትዘራ ከእፍኟ ትንሽ ቆንጥሬ ነበር" አሉኝ። "ሰረቁ?" አልኳቸው። ተቆጡ። "እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ ዘር ሁሉ በአንድ ቀን አይዘራም። ለሚሳሳት ሰው ቀን ይቀመጥለታል።" ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ከዚህ የሚበልጥ ስብከት አልሰማሁም።

ቅሉን ይዤ ቤት ስገባ እትዬ ዘነበች መጀመሪያ አላመነችኝም። በኋላ ቅሉን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ዕለቱን ለወረቀቱ ጉዳይ እንደገና ጻፈች፤ በማግስቱ ደግሞ ያን ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ አውርዳ ምዜ ንጆሮጌ ፊት ቀረበች፤ ያቺ ኩሩ ሴት። "ምዜ፣ ለመስከረም እንዲያብብ መቼ ልዝራ?" አለች። እሳቸውም ሳይስቁባት፣ ወሮቹን በጣታቸው ቆጠሩላት። በዝናቡ፣ በሚያዝያ ተዘራ። በሰኔ እምቡጥ ይዞ ሊፈነዳ ሲል፣ "እምቡጡን ቀንጥሱት፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባው ይዘገያል" አሉን። ሐምሌን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እምቡጥ ስንቀነጥስ ከረምን። እሷ በእያንዳንዷ፣ "ይቅር በይኝ፣ ቆዪ፣ ገና ነሽ" እያለች ነው የምትቀነጥሰው። ድስት ድስት ውኃ ከወንዙ እየቀዳን አጠጣን። ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱም ደረሰ ተባለ፤ ልጅቷ ለእንቁጣጣሽ ትገባለች ተባለ። እትዬ ዘነበች ዌስትላንድስ ገበያ ወርዳ ቀይ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማና ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት ገዛች።

መስከረም ጠባ። አደይም አበበች፤ ያውም እንዴት አድርጋ! መደቡ ወርቅ ሆነ። ልጅቷ ግን አልመጣችም። አንድ ማኅተም ጎደለ ተባለ፣ አንድ ሰው ተቀየረ ተባለ፤ ብቻ ቀረች። መስቀል አለፈ። አበባው ረገፈ። እትዬ ዘነበች ሳታለቅስ፣ ይህ ነበር ክፉው፣ ሳታለቅስ፣ "ምዜ፣ መደቡን ቆፍረው ጎመን ይትከሉበት" አለች። እሳቸው "ሳዋ፣ ማማ" አሉ፣ እሺ ማለት ነው፤ ግን አልቆፈሩም። አንድ ቀን ወገቤን አሉ፣ አንድ ቀን መቆፈሪያው ተሰበረ አሉ። "ዘሩ መሬት ላይ ወድቋል፣ ትንሹ ዝናብ ቀርቧል፤ አትንኪው፣ አትጥረጊውም" አሉኝ ለኔ ለብቻዬ። ጥቅምት ገባ፣ ጃካራንዳው ሐምራዊ ምንጣፉን አነጠፈ፣ ዝናቡ መጣ። የዛሬው ዓይነት ዝናብ፤ የዛሬው ዓይነት ሽታ። ማንም ያልዘራው አደይ በራሱ በቀለ። እትዬ ዘነበች ዳግም ጓሮ መውረድ ስለተወች አላየችም፤ እኛም አልነገርናትም። ሌላ ተስፋ ሰጥተን ብንነሳትስ?

በታኅሣሥ አንድ ጧት የሐጂ ኑርዬ ፒካፕ በሩ ላይ ጡሩምባ ነፋ። ሐጂ ወርደው በሩን ከፈቱ፤ ከውስጥ ትልቅ የወንድ ሹራብ የለበሰች፣ ጋሜዋ በአቧራ የቀላ፣ ዘጠኝ ዓመት የምትሆን ልጅ ጥቅሏን አቅፋ ወረደች። እንዴት አለፈች፣ በማን እጅ መጣች፣ ሐጂ ያውቃሉ፤ እኛ አልጠየቅንም። እሳቸውን አላህ በጀነት ያኑርልኝ። እትዬ ዘነበች ቢሮ ልትሄድ ታኮ ጫማዋን ተጫምታ ነበር። ሮጠች፣ ተንበረከከች፣ ጠጠሩ ላይ ካልሲዋ ተተረተረ። ልጅቷ ግን እቅፏ ውስጥ ሳትገባ፣ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ እጇን ልትስም አለች። "ደኅና ነዎት?" አለቻት እናቷን።

ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። ቀዩን ቀሚስ ሰጠቻት፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ አጣጥፋ አስቀመጠችው። አሻንጉሊቷን ለኔ መለሰችልኝ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች። እናቷ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ዓይኗ ይከተላታል፤ ስትቀርባት ግን መሬት ታያለች። እትዬ ዘነበች ኩሽና ገብታ ፎጣ ነክሳ ታለቅሳለች። "ሙልዬ፣ ረስታኛለች" ትለኛለች። ኧረ መች ረሳቻት!

በሦስተኛው ቀን እጇን ይዤ ጓሮ አወረድኳት። ምዜ ንጆሮጌ እዚያ ነበሩ። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሏትና በጣታቸው ወደ መደቡ ጠቆሙ። ልጅቷ ዞር አለች። አደይ በወገቧ ልክ ቆሞ፣ ጠል ይዞ፣ ቢጫ ሆኖ። ጥቅሏ ከእጇ ወደቀ።

"እንዴ! ይሄ የኛ ነው!"

"ያንቺ ነው" አልኳት። "የለቀምሽው ዘር ነው።"

"መስከረም ጠባ እንዴ?"

ምን ልበላት? "እዚህ አገር መስከረም የሚጠባው አደይ ሲያብብ ነው" አልኳት። ዋሸሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ግን እንደገና ብጠየቅ እንደገና ነው የምዋሸው።

ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። "እንግጫስ?" አለች። ወንዝ ዳር ወረድን፤ እንግጫ የሚመስል ሣር አለ፣ ሥሩን አሸተተችው፣ ጥርሷ ላይ አድርጋ ቀመሰችው። "እንግጫ አይደለም፤ ግን ይሆናል" አለች እንደ ትልቅ ሰው። ጃካራንዳው ሥር ቁጭ ብላ ጎነጎነች። የነዚያ ትናንሽ ጣቶች ቅልጥፍና! ሦስት ሦስት ዘለላ እያደረገች፣ በየመሃሉ አደይ እየሰካች፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ጉንጉን ሠራች። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኼ ነው። እትዬ ዘነበች በመስኮት አይታን ኖሮ ሳሎን መሃል ቆማ ጠበቀችን።

ትርንጎ ጉንጉኗን ይዛ ገባች። ዙሪያውን አየች። ጣሪያውን አየች። "ምሰሶው የታል?" አለች።

እትዬ ዘነበች ፊቷ አመድ ሆነ። ስለ ዘሩ አስባለች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሁሉም አስባለች፤ ስለ ምሰሶ ግን ያሰበ የለም። የሲሚንቶ ቤት ምን ምሰሶ አለው? "ልጄ፣ እዚህ አገር... ቤቱ ምሰሶ የለውም" አለች። ልጅቷ ጉንጉኑን እንደያዘች ቆመች። ደግሞ እንደዚያን ዕለት ጉንጉኗን ይዛ ቀረች አልኩ በልቤ።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣ "አያቴ፣ ምሰሶ ከሌለ እናት ወገብ ላይ ነው የሚታሰረው ብላኛለች" አለችና ተጠጋች። ጉንጉኑን በእናቷ ወገብ አዙራ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ቋጠረችው። እንደገና ቋጠረችው። አስራ ስትጨርስ እጇን አላነሳችም፤ እዚያው ወገቧን እንዳቀፈች ጉንጯን ሆዷ ላይ ለጠፈች። እትዬ ዘነበች በዚያ በረጅም ቁመቷ ላይዋ ላይ ተደፋች። እኔና ምዜ ንጆሮጌ በሩ ላይ ቆመን እንደ ሕፃን አለቀስን። እሳቸው አቧራው ነው አሉ።

እትዬ ዘነበች በማግስቱ ጉንጉኑን ከሙሉ ልብሷ ኮት ሥር እንደታሰረች ቢሮ ሄደች። አለቃዋ የሣር ሽታ ይሸተኛል ብሎ መስኮት ከፈተ አሉ። ደርቆ እስኪሰባበር አልፈታችውም፤ ሲደርቅ በምዜ ንጆሮጌ ቅል ውስጥ አስቀመጠችው። በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፣ ብዙው ሰው ወደ አገሩ ገባ፤ እሷንም መሥሪያ ቤቷ ካንዴም ሁለቴ የተሻለ ደረጃ ሰጥቶ ሌላ አገር ሊያዛውራት ጠየቃት። ልጅቷ ትምህርት ላይ ነበረች፤ ይዘሻት ሂጂ ሲሏት እምቢ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ትግባ ሲሏት እምቢ አለች። "አልችልም፤ ቋጠሮ አለብኝ" ትላለች፣ ወገቧን መታ መታ አድርጋ። እስክትሞት እዚችው ናይሮቢ ነበረች።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው ዛሬ ከሰዓት ትርንጎ የደረሰችው። ሃምሳን አልፋለች፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ቁመቷ ቁርጥ እናቷን። የልጅ ልጇን ይዛ መጥታለች፣ እንደ ቅድመ አያቷ ዘነበች የምትባለዋን፤ ዜኒ ነው የሚሏት። የአመድ ቅሉን ከፍተን ዘሩን ባልዲዎቹ ውስጥ ዘራን፤ ከእያንዳንዱ ባልዲ ድርሻ ትንሽ ትንሽ ለቅሉ አስቀረን። ዜኒ አፈሩን በማንኪያ እየደለደለች፣ "አንቲ ሙሉ፣ ሲያብብ የት ነው የምናስረው? ፍላታችን ፒላር የለውም እኮ" አለችኝ።

"የቅድመ አያትሽ እናት ጎጃም ምን ይሉ ነበር መሰለሽ" አልኳት፣ "ምሰሶ ከሌለ እናት ወገብ ላይ ነው የሚታሰረው።"

ትርንጎ ሳቀች። እጇ በአፈር ስለነበር በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

"እትዬ ሙሉ፣ አያቴ መቼ እንዲህ አለችና?"

"ምን ማለትሽ ነው? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው!"

"እኔማ አልኩ። አያቴ ግን ብላኝ አታውቅም።" ባልዲውን ውኃ አጠጣች፤ ቀስ ብላ፣ ዘሩ እንዳይሸሽ። "ያኔ ጎጃም ምሰሶው ላይ ማሰሬ ስሕተት መስሎኝ ነበር። ምሰሶው የትም አይሄድም። የሄደችው ማዬ ናት።"

"ታዲያ ለዚያ ነው ሁለት ጊዜ የቋጠርሽው?"

"እንዳትሄድ ነዋ" አለችኝ።